ጠገራ ብርና የምኒልክ ብር፦ ፎርጅዱን መለየት፣ ደረጃ ማውጣት፣ ዋጋ መገመት

ከአያት ሣጥን ሳንቲም ያገኘ ሰው መጀመሪያ «ስንት ያወጣል?» ይላል። ቀጥሎ በሎሚና በአመድ ፈትጎ ያነጣዋል። ከዚያ ሲያብረቀርቅ ፎቶ አንስቶ ይልካል። በዚህ ቅደም ተከተል የሄደ ሰው ሳንቲሙ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ገንዘቡን በገዛ እጁ አጥቧል። ትክክለኛው መንገድ ተቃራኒው ነው፦ አትንኩት፣ ምን እንደሆነ እወቁ፣ እውነተኛነቱን ፈትኑ፣ ደረጃውን አውጡ፤ ዋጋ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

መመሪያው በአብዛኛው በአገራችን ቤቶች ውስጥ በሚገኙት ሁለት ትልልቅ የብር ሳንቲሞች ላይ ያተኩራል፦ ማርትሬዛ በምንለው ጠገራ ብር እና በምኒልክ ብር። ዘዴው ለአላድም (ግማሽ ብር) ለሩብም ይሠራል፤ ለግርሽ (የብር ሃያኛ) ግን አንዱ ፈተና አይሠራም፤ ቦታው ላይ እንነግራችኋለን።

እርምጃ 1፦ ዕቃ አዘጋጁ

• እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን። የኩሽና ሚዛን አይበቃም።
• ካሊፐር (የሳንቲሙን ስፋት መለኪያ)።
• 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር። ከዚያ በላይ የሚያጎላ ለጀማሪ ያሳስታል፤ እያንዳንዱ ጭረት ገደል ይመስላል።
• ጠንካራ ትንሽ ማግኔት። የማቀዝቀዣ በር ላይ የሚለጠፈው አይሆንም።
• አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ቀጭን ክር፣ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና።
• አንገቱ የሚታጠፍ አንድ መብራት። የጣሪያውን አምፖል አጥፉት።
• ወፍራም ፎጣ ወይም የታጠፈ ጋቢ፣ ጠረጴዛው ላይ የሚነጠፍ። ሳንቲም ይወድቃል፤ ጥያቄው የት ላይ ነው።

ሳንቲሙን ሁልጊዜ በጠርዙ በሁለት ጣት ያዙት። የጣት አሻራ ፊቱ ላይ ካረፈ በወራት ውስጥ ብሩን ይበላል፤ ያ ምልክት ደግሞ አይለቅም።

እርምጃ 2፦ አታጽዱ

ሎሚ፣ አመድ፣ አሸዋ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ የብረት ሽቦ፣ የብር ዕቃ ማንጫ ፈሳሽ፦ አንዱንም አትጠቀሙ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከማተሚያ የወጣ ሳንቲም ፊቱ ላይ ከመሃል ወደ ጠርዝ የሚሄዱ በዓይን የማይታዩ መስመሮች አሉት። ብርሃን ላይ ስታዘነብሉት እንደ መንኮራኩር የሚዞረው ጨረር የሚመጣው ከነሱ ነው። ማሻሸት መስመሮቹን ይቆርጣል፣ አሲድ ደግሞ ያሟሟቸዋል፤ ጨረሩ አንዴ ከሞተ አይመለስም። ጥቁሩ ቀለም ቆሻሻ ሳይሆን ብሩ ከአየር ጋር በዓመታት የሠራው ልብስ ነው፤ ሰብሳቢ ይወደዋል።

የሚፈቀደው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሳንቲሙ ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ ቆይቶ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ከያዘ፣ ወይም ቅባትና ሙጫ ካለበት፣ በመስታወት ዕቃ ውስጥ ንጹሕ አሴቶን አፍስሱና ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፉት። አውጡት፣ በአዲስ አሴቶን አለቅልቁት፣ ሳትጠርጉ አየር ላይ አድርቁት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ተብሎ ቢጻፍበትም ብዙ ጊዜ ቅባትና ቀለም ይቀላቀልበታል፤ አይሆንም። አሴቶን በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ መስኮት ክፈቱ፣ ምድጃ፣ ከሰልና ሻማ ያለበት ክፍል ውስጥ አትሥሩ።

ቀድማችሁ ፈትጋችሁት ከሆነ ተውት፤ ደግማችሁ «ለማስተካከል» አትሞክሩ። ደረጃው ላይ «የጸዳ» ብላችሁ መዝግቡና ቀጥሉ።

እርምጃ 3፦ ምን እንደሆነ እወቁ

ጠገራ ብር። በአንድ ፊት የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል አለ፤ ከምስሉ ሥር «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚባሉት የላቲን ፊደላት ይታያሉ። በሌላው ፊት ሁለት ራስ ያለው ንስር፣ 1780 የሚል ቁጥርና ከቁጥሩ ቀጥሎ የተጋደመ መስቀል ይገኛል። ልኩ፦ 28.07 ግራም፣ ስፋቱ ከ39.5 እስከ 41 ሚሊሜትር፣ ከ1000 ክፍል 833ቱ ብር።

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ስለሆነ አስምሩበት፦ 1780 የሳንቲሙ ዕድሜ አይደለም። ንግሥቲቱ በ1780 ስለሞተች ቁጥሩ እዚያው ቀርቶ፣ ሳንቲሙ ግን በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይና በበርሚንግሃም እየታተመ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ዘልቋል፤ ቪየና ዛሬም ታትማለች። እነዚህ በሕግ የታተሙ እንጂ ፎርጅድ አይደሉም። ነገር ግን «የ200 ዓመት ዕቃ ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ምናልባት የአባቱን እኩያ ሳንቲም ነው የያዘው። የትኛው ከተማ እንዳተመው የሚለየው በንስሩ ጅራት ላባ፣ በትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥና በመስቀሉ ቅርጽ ነው፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። እናንተ ግን አንድ ነገር ማየት ትችላላችሁ፦ ባዶው ሜዳ (ምስልና ጽሑፍ የሌለበት ቦታ) እንደ መስታወት ፊታችሁን የሚያሳይ ከሆነ ለሰብሳቢ ተብሎ የታተመ ዘመናዊ ነው።

የምኒልክ ብር። ፓሪስ የታተመ ነው። በአንድ በኩል ዘውድ የደፋ የንጉሡ ምስል፣ በሌላው ባንዲራ የያዘ አንበሳ አለው። ልኩ፦ 28.075 ግራም፣ 40 ሚሊሜትር፣ ከ1000 ክፍል 835ቱ ብር። አላዱ 14.04 ግራም፣ ሩቡ 7.02 ግራም፣ ግርሹ 1.40 ግራም ነው።

ዓመቱን አንብቡ። በግዕዝ ቁጥርና በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ነው፦ ፲፰፻፹፯ (1887)፣ ፲፰፻፹፱ (1889)፣ ፲፰፻፺፪ (1892)፣ ፲፰፻፺፭ (1895)። ውጭ አገር የሚሸጡ ሰዎች 1889ን እንደ ፈረንጅ ዓመት ይጽፉታል፤ እውነተኛው የፈረንጅ ዓመት 1896/97 ነው። ፹ እና ፺ ሲያልቁ ይመሳሰላሉ፤ በማጉያ እዩ። ማረጋገጫም አለ፦ በአንድ ብሩ ላይ 1887ና 1889 ከሆነ አንበሳው የግራ የፊት እግሩን ያነሳል፣ 1892ና 1895 ከሆነ የቀኙን። ዓመቱና እግሩ ካልተስማሙ ቁሙ፤ ወይ ቁጥሩን አሳስታችሁ አንብባችኋል፣ ወይ ሳንቲሙ ችግር አለበት።

እርምጃ 4፦ እውነተኛነቱን ፈትኑ

አንድ ፈተና ማለፍ ምንም አያረጋግጥም፤ አንድ ፈተና መውደቅ ግን ብዙ ይናገራል። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

4.1 ክብደት። ሚዛኑን በደልዳላ ቦታ አኑሩ፣ ማራገቢያ አጥፉ፣ ሦስት ጊዜ መዝኑ። ከ27.8 እስከ 28.1 ግራም ጥሩ ነው። ከ27.5 በታች ከሆነና ምስሉ ያላለቀ ከሆነ ተጠራጠሩ፤ ሳንቲም ሳያልቅ አይቀልም። ከ28.2 በላይ ከሆነ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ጠርዙ ላይ የቀረ ብየዳ (የአንገት ጌጥ የነበረ) ወይም ፎርጅድ።

4.2 ጠርዝ። አብዛኛው ሰው ሁለቱን ፊት አይቶ ያበቃል፤ ፎርጅድ ሠሪም የሚሰንፈው ጠርዙ ላይ ነው። በጠገራው ጠርዝ ላይ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ከጌጥ ጋር ወጣ ወጣ ብሎ መታየት አለበት። በምኒልክ ብርም የግዕዝ ጽሑፍ አለ። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ፣ እንደ ተራ ሳንቲም የተሰነጠቀ መስመር ብቻ ካለው፣ ወይም መሃሉን የሚዞር የመጋጠሚያ ስፌት ካለ፣ እዚህ ላይ አቁሙ።

4.3 ማግኔት። ከሳበው ፎርጅድ ነው። ካልሳበው ግን ገና ነው፤ ነሐስም መዳብም እርሳስም አይሳቡም። ቀጥሎ ሳንቲሙን በ45 ዲግሪ አዘንብሉና ማግኔቱን ከላይ ልቀቁት። ብር ላይ እንደ ማር ዝግ ብሎ ይወርዳል። እንደ ድንጋይ ከተንከባለለ ውስጡ ሌላ ነው።

4.4 የውኃ ሚዛን። ቤት ውስጥ ከሚደረጉት ሁሉ የምናምነው ይህን ነው። ሥራው እንዲህ ነው፦

ሀ. ሳንቲሙን ደረቅ እንደሆነ መዝኑና ጻፉ፤ 28.06 ይሁን።
ለ. ብርጭቆውን ግማሽ ውኃ ሞልታችሁ የሳሙናዋን ጠብታ ጨምሩ፤ አረፋ ሳይሠራ ቀስ ብላችሁ አማስሉ።
ሐ. ብርጭቆውን ሚዛኑ ላይ አኑሩና ወደ ዜሮ መልሱት።
መ. ሳንቲሙን በክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ከታችም ከጎንም ብርጭቆውን አይንካ።
ሠ. ሚዛኑ ሲረጋ አንብቡ፤ 2.75 ይሁን።
ረ. አካፍሉ፦ 28.06 ÷ 2.75 = 10.2። ይህ የሳንቲሙ እፍግታ ነው።

ለጠገራም ለምኒልክም ከ10.0 እስከ 10.3 ያለው ትክክል ነው። ነሐስ ከሆነ ያው 28 ግራም ውኃ ውስጥ ወደ 3.3 ያነባል፤ እፍግታው 8.5 አካባቢ ይወጣል።

ሲበላሽ፦ ንባቡ ዘልሎ 10 ወይም 20 ከደረሰ ሳንቲሙ የብርጭቆውን ታች ነክቷል፤ አንሡት። ውጤቱ 9.6 ወይም 9.7 ከመጣ ቶሎ አትፍረዱ፤ ምስሉ ጥግ ላይ የተጣበቀ አረፋ ንባቡን ያሳድገዋል። አውጥታችሁ አራግፋችሁ ድገሙ። ሦስት ጊዜ ያው ከመጣ ግን ፍርዱ ፍርድ ነው። ቀለበት የተበየደበት ሳንቲምም ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ከጨረሳችሁ በኋላ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁና ሳታሹ በለስላሳ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጋችሁ አድርቁ።

ግርሽ ላይ ይህን አትሞክሩ። 1.40 ግራም የሆነ ሳንቲም ውኃ ውስጥ 0.14 ብቻ ያነባል፤ ሚዛኑ በ0.01 ቢሳሳት ውጤቱ ከ9.3 እስከ 10.8 ይዋልላል። አሥር ያህል ግርሽ ካላችሁ አንድ ላይ አስራችሁ መዝኑ፤ ያም ቢሆን ስለ አንዱ ሳይሆን ስለ ጥቅሉ ነው የሚነግራችሁ።

4.5 ድምፅ። ሳንቲሙን ጣታችሁ ጫፍ ላይ ሚዛኑን ጠብቃችሁ አኑሩና በእርሳስ እንጨት ጠርዙን ነካ አድርጉ። ብር ጥርት ያለና የሚቆይ ድምፅ አለው። እርሳስና ቆርቆሮ ተቀላቅለው እፍግታውን ሊመስሉ ይችላሉ፤ ድምፃቸው ግን ድፍን ነው፣ ወዲያው ይሞታል። ድንጋይ ላይ መወርወር የድሮ ነጋዴ ዘዴ ነው፤ ለሰብሳቢ ዕቃ አይሆንም። ተበይዶ የነበረ ወይም የተሰነጠቀ እውነተኛ ብርም ሊደነቁር ስለሚችል በድምፅ ብቻ አትጣሉት።

4.6 ማጉያ። መብራቱን ከጎን አድርጉ። በቅርጽ ውስጥ ፈሶ የተሠራ ፎርጅድ ሜዳው ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይኖሩታል፣ የፊደሉ ጥግ ደግሞ እንደታጠበ ሳሙና ክብ ነው። እውነተኛ ፊደል ከሜዳው ቀጥ ብሎ ይነሣል። ብር የተቀባ ከሆነ ከፍ ያሉት ቦታዎች ላይ (ጉንጭ፣ ትከሻ፣ የንስሩ ደረት) ቢጫ ወይም ቀይ ብቅ ይላል። የምኒልክ ብር ላይ ደግሞ እናንተ ከፈረንጁ ሰብሳቢ የምትበልጡበት ነገር አለ፦ ታነባላችሁ። «ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» የሚለውን ፊደል በፊደል ሂዱበት። ግዕዝ የማያውቅ ቀራጭ የ«ጵ»ን ራስ ይቆርጣል፣ የ«ሠ»ን እግር ያሳጥራል፣ ሁለቱን ነጥብ ይረሳል።

ብር የመምሰል ዘዴ አዲስ አይደለም። 1936 ዓ.ም. የሚል ቁጥር ያለው የ25 ሳንቲም መዳብ ክብ ስለነበረና መጠኑ ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ስለሚቀራረብ፣ ሰው ብር እየቀባ እንደ 50 ይገፋው ነበር። ለዚህ ነው በኋላ ጠርዙ ሞገድ እንዲኖረው የተደረገው። ክብ 25 ሳንቲም ነጭ ሆኖ ካገኛችሁ የዚያ ዘመን ተንኮል ሊሆን ይችላልና ቶሎ አትጣሉት፤ ከፎርጅድ ይልቅ የታሪክ ቅሪት ነው።

4.7 ብር ሠሪ ጋ ከሄዳችሁ። ሞረድ እንዳይነካው፣ አሲድ እንዳያንጠባጥብበት፣ ድንጋይ ላይ እንዳያሽበት ቀድማችሁ ተናገሩ። እነዚህ ለቀለበትና ለአምባር ናቸው፤ ሳንቲም ላይ የማይድን ቁስል ይተዋሉ። በኤክስሬይ ጨረር የሚለካ መሣሪያ ያለው ቤት ካገኛችሁ ያንን ምረጡ። መሣሪያው ላዩን ብቻ ስለሚያነብ የወፍራም ቅብ ፎርጅድን ሊያሳልፍ ይችላል፤ ከ4.4 ጋር አብራችሁ ተጠቀሙበት።

እርምጃ 5፦ ደረጃ አውጡ

ዓለም አቀፉ መለኪያ ከ1 እስከ 70 ነው። ከ60 በታች ያለው በእጅ የዞረ፣ ከ60 ጀምሮ ያለው ያልዞረ ነው። ለቤት ሥራ እነዚህ ይበቃሉ፦

• 8 አካባቢ፦ የምስሉ ዙሪያ ብቻ ቀርቷል፤ ፊደሉ ይነበባል።
• 12 አካባቢ፦ የንግሥቲቱ ጸጉር ዋና ዋና ክፍል ይታያል፣ ዝርዝሩ ጠፍቷል። የአንበሳው ጋማ አንድ ጠፍጣፋ ነው።
• ከ20 እስከ 35፦ የጋማው ክሮች ይለያያሉ፤ የዘውዱ ዝርዝር በከፊል ቀርቷል። በትከሻዋ ጌጥ ላይ ዕንቁዎቹ አንድ አንድ እያሉ መለየት ይጀምራሉ።
• 40 እና 45፦ ማለቁ ከፍ ያሉ ጫፎች ላይ ብቻ ነው።
• ከ50 እስከ 58፦ በመጀመሪያ ዕይታ አዲስ ይመስላል፤ ስታዘነብሉት ጉንጩና ጸጉሩ ላይ ጨረሩ ይቋረጣል፣ ግራጫ ይሆናል።
• 60 እና ከዚያ በላይ፦ ጨረሩ ሳይቋረጥ ከፍ ባሉት ቦታዎች ላይም ያልፋል።

ጀማሪ የሚሳሳትበት፦ ደካማ አተማመትን ከማለቅ ጋር ማምታታት። ሁለቱም ጠፍጣፋ ናቸው። ጠፍጣፋው ቦታ ላይ ጨረር ካለ አታሚው ነው የሳተው፤ ግራጫ ከሆነ ጣት ነው የጨረሰው። ሁለቱን ፊት ለየብቻ ደረጃ ስጡና ዝቅተኛውን ያዙ። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ እጠፉት፤ በማግስቱ ሳታዩት ድገሙ። ሁለቱ ውጤቶች ከተራራቁ ዝቅተኛው ይሻላል፤ የራስ ዕቃ ሁሌም ያምራል።

የተበሳ፣ የተበየደ፣ የጸዳ ወይም የተቧጨረ ሳንቲም ቁጥር አይሰጠውም። ጉዳቱ ተጽፎ «ዝርዝሩ ይህን ያህል ነው» ይባላል እንጂ። አገራችን ውስጥ ብዙው ጠገራ አንገት ላይ ስለዋለ ይህ የብዙዎቹ ዕጣ ነው። ጠርዙ ላይ በ12 ሰዓት ቦታ ትንሽ እብጠት ወይም የተለየ ቀለም ፈልጉ፤ የወለቀ ቀለበት እዚያ ይመሰክራል።

እርምጃ 6፦ ዋጋ ገምቱ

መጀመሪያ ወለሉን አስሉ፤ ብሩ ቢቀልጥ የሚያወጣውን ማለት ነው።

ጠገራ፦ 28.07 × 0.833 = 23.4 ግራም ንጹሕ ብር፣ ወይም 0.752 አውንስ (የከበሩ ማዕድናት አውንስ፣ 31.1 ግራም)። የምኒልክ ብርም 23.44 ግራም ነው። አላድ 11.7፣ ሩብ 5.9፣ ግርሽ 1.17 ግራም። የዕለቱን የአውንስ ዋጋ አባዙት፦ ለምሳሌ አውንሱ 40 ዶላር ቢሆን ጠገራው 0.752 × 40 = 30.08 ዶላር። ይህ ወለል ነው፤ አቅላጭ የራሱን ድርሻ ስለሚቀንስ እጃችሁ የሚገባው ከዚህ ያንሳል።

ተራ ጠገራ፣ በተለይ የጌጥ የነበረ፣ ከወለሉ ብዙም አይርቅም። የምኒልክ ብር ሌላ ነገር ነው፤ ዓመቱና ደረጃው ዋጋውን ያራርቁታል። ስለዚህ፦

1. በጨረታ ድረ ገጾች ላይ «የተሸጡ» የሚለውን ብቻ ክፈቱ። የተለጠፈ ዋጋ የሻጭ ምኞት ነው።
2. ዓመቱና ደረጃው አንድ የሆነ፣ ባለፉት 12 ወራት የተሸጠ ቢያንስ አምስት ሰብስቡ።
3. ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ጣሉ፤ ከቀሩት መሃለኛውን ያዙ።
4. የጨረታ ቤትን ኮሚሽንና መላኪያን ቀንሱ። ገዢ ከጨረታው ዋጋ በላይ የሚጨምረው ክፍያ ለእናንተ አይደርስም።
5. የጸዳ ወይም የተበየደ ከሆነ ከንጹሖቹ ጋር አታወዳድሩ፤ ጉዳቱ የሚመሳሰል ፈልጉ።

ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች ጋ (ፒሲጂኤስ፣ ኤንጂሲ) መላክ የሚያዋጣው በሁለት ደረጃ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከክፍያው፣ ከመላኪያውና ከኢንሹራንሱ ድምር ሲበልጥ ብቻ ነው። ተራ ጠገራ ላይ ገንዘብ ማባከን ነው። የታሸገ ሳንቲም ስትገዙም ማሸጊያውን አትመኑ፤ የተጻፈውን ቁጥር በድርጅቱ ገጽ ፈልጋችሁ ፎቶውን ከሳንቲሙ ጋር ጭረት በጭረት አመሳክሩ። ማሸጊያውም ፎርጅድ ይሠራለታል።

እርምጃ 7፦ ስታሳዩና ስትሸጡ

ከቤት ሳትወጡ ሁለቱን ፊትና ጠርዙን ፎቶ አንሡ፣ ክብደቱን እስከ ሁለት የነጥብ ቁጥር ጻፉ። «ጓዳ ገብቼ ልመዝነው» ላለ ሰው አትስጡ፤ ፊታችሁ ይመዝን። መልሶ ሲሰጣችሁ አንድ ጭረት መርጣችሁ አረጋግጡ። ጠገራ ከጠገራ ጋር በቀላሉ ይለዋወጣል።

ከአገር ማስወጣት ካሰባችሁ ቀድማችሁ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ፤ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ አይወጣም። የአክሱም ሳንቲም እጃችሁ ከገባ ይህ መመሪያ አይመለከተውም፦ አትሽጡ፣ አትላኩ፣ ለባለሥልጣኑ አሳውቁ።

እስኪሸጥ ድረስ እያንዳንዱን ሳንቲም ለብቻው በደረቅ የወረቀት ኤንቨሎፕ ወይም ማይላር በሚባለው ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ አኑሩ፤ ጎማ አትሰሩበት፣ ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ አትጠቀሙ። ኤንቨሎፑ ላይ ዓመቱን፣ ክብደቱን፣ እፍግታውንና የሰጣችሁትን ደረጃ ጻፉ፤ ግን ሳንቲሙን ከማስገባታችሁ በፊት፣ እስክሪብቶው እንዳይጫነው።